ፊሽካው ከተነፋ በኋላ

እዚህ ሮቤም ሆነ ጎባ ከአምልኮ ስንወጣ አባቶችና እናቶች ቆም እያደረጉ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ወንድም፣ ልጄ ከኳስ ሌላ ነገር አያስብም፤ ልከልክለው ወይስ ልተወው?» ይሉኛል። እኔን የሚጠይቁኝ ቀድሞ ኳስ ተጫውቼ እንጀራዬን እበላ እንደነበር ስለሚያውቁ ነው። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ በሁለት ቃል የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ በዚህ መጽሔት ላይ ሰፋ አድርጌ ልጽፍላችሁ ወሰንኩ። በመጀመሪያ እኔ ያየሁትን፣ ቀጥሎ ጨዋታው እንዴት እንደተለወጠ፣ በመጨረሻም ለልጆቻችን ይጠቅማል ብዬ የማምነውን አካፍላችኋለሁ።

ገብሱ ሲታጨድ

የተወለድኩት ጎባ ነው። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ቀድሞ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ የነበረች ናት። ሮቤ ከእርሷ ዝቅ ብላ በሜዳው ላይ ትገኛለች። ከበላያችን የሳነቴ አምባ አለ፤ ቱሉ ዲምቱ የተባለው ተራራ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ብርዱን የባሌ ሰው ያውቀዋል። እኛ ልጆች ግን ብርዱን የምንረሳበት ዘዴ ነበረን፤ እርሱም ኳስ ነበር። በኦሮምኛ «ኩባ» እንላታለን።

ኳሳችን ከሱቅ የተገዛች አልነበረችም። ያረጀ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን፣ በሲባጎ ጠፍረን እንሠራታለን። ዝናብ ሲነካት እንደ ድንጋይ ትከብዳለች። ሜዳችንም ገብሱና ስንዴው ታጭዶ ክምሩ ከተነሳ በኋላ የሚተርፈው ማሳ ነው። የታጨደው አገዳ ባዶ እግራችንን እየወጋው እንሮጣለን። የጎሉ ቋሚ ሁለት ድንጋይ ነው። ዳኛ የለም፤ ጥል ሲነሳ በዕድሜ የሚበልጠው ይፈርዳል። የሙስሊሙ ልጅ፣ የኦርቶዶክሱ ልጅ፣ የጴንጤው ልጅ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ቡድን ሲከፈል ማን በደንብ ይሮጣል እንጂ የማን ልጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነበር። ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ በስውር ይሰበሰቡ ነበር። በእኛም ቤት ጸሎት ሲኖር እናቴ እኛን ልጆች «ደጅ ወጥታችሁ ኳስ ተጫወቱ» ትለን ነበር። ሁለት ጥቅም ነበረው። ጩኸታችን በውስጥ ያለውን ዝማሬ ይሸፍናል፤ እንግዳ ሰው ወደ ግቢው ሲመጣም ቀድመን እናያለን። ያኔ እኛ ስለ ጨዋታው እንጂ ስለ ምክንያቱ ብዙም አልገባንም። በኋላ ላይ አንዳንድ ወገኖች «ኳስ ዓለማዊ ነው፣ አማኝ አይነካውም» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ግን ያ ግቢ ትዝ ይለኛል። እግዚአብሔር በጨርቅ ኳስና በልጆች ጫጫታ ሕዝቡን ሸፍኗል። ነገር በራሱ ክፉ ወይም ደግ ከመባሉ በፊት በማን እጅ እንዳለና ለምን እንደዋለ መጠየቅ እንደሚገባ የተማርኩት ከዚያ ነው።

የ1954ቱ ዋንጫ

ትልልቆቹ ሁልጊዜ የሚያወሩልን ታሪክ የ1954 ዓ.ም. ዋንጫ ነበር። እኛ ገና ሳንወለድ የሆነ ነው፤ ግን እንዳየነው ሰው በቃላችን እናውቀው ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተጫወተች። ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀደመች፣ የእኛዎቹ ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ፤ በተጨማሪ ሰዓትም 4 ለ 2 አሸነፉ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ በተጨማሪው ሰዓት ጎል አገቡ። ዋንጫውን ያስረከቡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ቡድኑን ይመሩ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ በኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስከሚያርፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

ያን ዋንጫ አገራችን እስከ ዛሬ አልደገመችውም። ለእኛ ለጎባ ልጆች ግን ትልቅ ነገር አስተማረን፤ ይኸውም ሁለት ጊዜ የተቀደመ ሰው ገና እንዳልተሸነፈ ነው። ይህን ትምህርት ከሜዳ ውጭ ስንት ጊዜ እንደተጠቀምኩበት እግዚአብሔር ያውቃል።

ከባሌ ወደ አዲስ አበባ

በትምህርት ቤት ውድድር ታይቼ ለክፍለ ሀገሩ ተመረጥኩ፤ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ የአዲስ አበባ ክለብ ሙከራ ተጠርቼ ተቀጠርኩ። «ተቀጠርኩ» ያልኩት በምክንያት ነው። የዛሬ ልጆች ይገርማቸዋል፤ በዚያን ጊዜና ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ትልልቅ ክለቦች የመሥሪያ ቤት ነበሩ። መብራት ኃይል፣ ባንኮች፣ መድን፣ አየር ኃይል፣ ምድር ጦር እያልን የምንጠራቸው ቡድኖች ስማቸው ራሱ ይናገራል። ተጫዋቹ የድርጅቱ ሠራተኛ ተብሎ ይመዘገባል፤ ደመወዙም የሠራተኛ ደመወዝ ነው። ጠዋት ልምምድ ሠርቶ ከሰዓት ቢሮ የሚገባ ነበር። ኳሱን ሲያቆም ሥራው የሚጠብቀውም ነበር።

ከደጋ መምጣቴ ጠቅሞኛል። በጎባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሳንባ ይሰፋል፤ አዲስ አበባ ላይ ሌላው ሲያለከልክ እኔ ገና እሮጥ ነበር። ኳሱን መልመድ ግን ጊዜ ወሰደብኝ። በስስ አየር የተመታ ኳስ ሩቅ ይሄዳል፣ ብዙም አይታጠፍም። ወደ ቆላ ወርደን ስንጫወት ያው ምት አጭር ይቀርብኝ ነበር። አሰልጣኜ «አንተ አሁንም ባሌ ነህ» ይለኝ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ተጀመረ። የመጀመሪያውን ዋንጫ መብራት ኃይል ወሰደ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ መለወጥ ጀመረ። «ፊርማ» የሚባል ነገር መጣ። ተጫዋች ለክለብ ሲፈርም በአንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ ይቀበላል፤ የወር ደመወዙ ግን ትንሽ ነው። የፊርማ ገንዘብ የያዘ የ20 ዓመት ልጅ በዙሪያው ስንት «ዘመድ» እንደሚያፈራ ማየት ነበር። ገንዘቡ ሲያልቅ ዘመዱም ያልቃል።

ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ስለነበር የአምልኮ ነገር ይፈትነን ነበር። ከቡድናችን ሦስት ያህል አማኞች ነበርን። እሁድ ከሰዓት ጨዋታ ሲኖር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በካምፑ ክፍላችን ተሰብስበን መጽሐፍ ቅዱስ አንብበን እንጸልይ ነበር። «ጌታ ሆይ ጎል ስጠን» ብለን አልነበረም። በሌላው ቡድን ውስጥም የሚጸልይ ወንድም እንዳለ እናውቅ ነበርና። የምንጸልየው ማንንም ሳንጎዳ፣ ዳኛ ሳንሰድብ፣ ስንሸነፍ ሳንመረር እንድንወጣ ነበር። ይህ ጸሎት ከምታስቡት በላይ ከባድ ነው።

ጉልበቴ

በ1994 ዓ.ም. የክረምቱ ዝናብ ሜዳውን ባረሰረሰበት ቀን፣ ኳስ ለመንጠቅ እግሬን ስሰድ ታኬታዬ ጭቃ ውስጥ ተተከለ፤ አካሌ ዞረ፣ ጉልበቴ ግን ቀረ። ድምፁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። በዕድሜዬ 29 ነበርኩ። ሐኪም የጉልበቴ ጅማት መበጠሱን ነገረኝ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና እንደ እኔ ላለ ተጫዋች የሚታሰብ አልነበረም። ወራት ጠበቅሁ። ውሌ ሲያልቅ አላደሱልኝም። ቂም የለኝም፤ በጊዜው የሁሉም ክለብ አሠራር ያው ነበር። ግን ልብ በሉ፤ በመሥሪያ ቤት ደመወዝ ዘመን ቢሆን ኖሮ ሥራዬ ይጠብቀኝ ነበር። እኔ የተጎዳሁት አሮጌው ሥርዓት ከሄደ በኋላ፣ አዲሱም በቅጡ ሳይቆም ነው።

ባለቤቴና እኔ ከትንሽ ልጃችን ጋር ዕቃችንን በአንድ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭነን በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ባሌ ተመለስን። ዲንሾን አልፈን ሮቤ ስንገባ የሚያውቁኝ ሰዎች «ተጫዋቹ መጣ!» አሉ። ያ ቃል የሚያምም ቃል ሆነብኝ። ስሜ አልነበረም፤ የማልሠራው ሥራ ስም ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ሰው ሥራውን ሲያጣ ማንነቱንም የሚያጣ የሚመስለው ቀን እንዳለ ታውቁ ዘንድ ነው። ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ ሱቁ የተዘጋበት ነጋዴ፣ ልጆቿ ከቤት የወጡላት እናት ይህንኑ ያውቁታል። ለስፖርተኛ ግን በ29 ዓመቱ ይደርስበታል፤ ገና ግማሽ ዕድሜው ሳይኖር።

በቤተ ክርስቲያን አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ። ኳስ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ አዲስ አበባንም አይተው አያውቁም። ሰው ሁሉ «መቼ ነው የምትመለሰው? እግርህ ተሻለህ?» ሲለኝ እርሳቸው እጄን ይዘው «ልጄ፣ ነፍስህ እንዴት ናት?» አሉኝ። ስለ ነፍሴ ከጠየቁኝ ሰዎች የመጀመሪያዋ ናቸው። በዚያ ሳምንት ትንቢተ ኢሳይያስ 43ን ሳነብ እግዚአብሔር ሕዝቡን በስሙ እንደጠራውና የእኔ ነህ እንዳለው አየሁ። በሥራው ወይም በማሊያው ቁጥር አልጠራውም። ይህ እውነት ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ቀን አልዳነኝም፤ ዳሩ ግን አድኖኛል። የእህል ንግድ ጀመርኩ፤ ስንዴና ገብስ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። ጌታም ቤቴን አላስራበም።

ጨዋታው እንዴት ተለወጠ?

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈር ልጆች ጋር ሜዳ እወጣለሁ። ሴቶች ልጆችም አሉ። ይህ በእኛ ጊዜ የማይታሰብ ነበር። ዛሬ ግን ሎዛ አበራን የመሰለች ልጅ በ2012 ዓ.ም. ማልታ ድረስ ሄዳ ቢርኪርካራ ለተባለ ክለብ መጫወቷን ልጆቹ ያውቃሉ። ይህን ለውጥ በደስታ እቀበላለሁ።

ሕጉም ተለውጧል። እኛ ልጆች ሳለን ተከላካይ ሲጨነቅ ኳሱን ወደ በረኛው ይመልሳል፤ በረኛውም በእጁ ይይዛል፤ ጨዋታው ያንቀላፋል። በ1984 ዓ.ም. ይህ በዓለም ዙሪያ ተከለከለ፤ ከዚያ ወዲህ በረኛም በእግሩ መጫወት አለበት። ለአሸናፊ ሁለት ነጥብ የነበረው ሦስት ሆነ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት አምስት ተጫዋች መቀየር ተፈቀደ፤ ቆይቶም ጸና። በዚያው ዓመት የእኛ ሊግ በወረርሽኙ ያለ ሻምፒዮን ተቋርጧል።

ገንዘቡም ተለወጠ። የፊርማው ክፍያ ቀርቶ በወር ደመወዝ ተተካ። ደመወዙ እየናረ ሲሄድ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። እኔ በሙሉ የጨዋታ ዘመኔ ያላየሁት ገንዘብ ጣሪያ ተብሎ ሲነገር ሰምቼ ሳቄ መጣ።

በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመረ። ቡድኖቹም በየከተማቸው ከመጫወት ይልቅ ሁሉም በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለተወሰኑ ሳምንታት ይጫወታሉ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራሉ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናገዱ። ለቴሌቪዥን ይመቻል። ግን የቡድኑ ሰፈር ልጅ ተጫዋቹን በአካል የሚያይበት ዕድል ጠበበ። በእኔ ዘመን አንድ ልጅ ከልምምድ ስንወጣ ቦርሳችንን ለመሸከም ይጋፋ ነበር። ዛሬ የሮቤ ልጅ የአርሰናልን ተጠባባቂዎች በስም ይቆጥራል፤ የራሱን አገር አማካይ ግን አያውቀውም።

ደስታም አይተናል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ባገቡት ጎል ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። ሮቤ ላይ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ሲተቃቀፍ አየሁ፤ ማን ምን ሃይማኖት እንዳለው፣ ምን ቋንቋ እንደሚናገር የጠየቀ አልነበረም። ሐዘንም አይተናል። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. የአገሩ ውጥረት ስታዲየም ገብቶ አንዳንድ ጨዋታዎች በገለልተኛ ሜዳ እንዲካሄዱ ተደረገ። ስታዲየሞቻችን የአፍሪካን መመዘኛ ባለማሟላታቸውም ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳችን» የሚለውን ጨዋታ በሰው አገር ለመጫወት የተገደደባቸው ዓመታት መጡ። የ1954ቱን ዋንጫ በገዛ ሜዳዋ ላነሳች አገር ይህ ያሳዝናል።

ትንሿ ወረቀት

ይህ ሁሉ ለውጥ ግን ስለ አንድ ነገር የሚያሳስበኝን ያህል አያሳስበኝም፤ እርሱም ውርርድ ነው። ባለፉት ዓመታት የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየከተማው ተከፈቱ። በአንዳንድ ቦታ ባለሥልጣናት ዘግተዋቸዋል፤ ውርርዱ ግን በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ስልክ ደግሞ በር የለውም።

የሰፈራችን አንድ ልጅ፣ ጎበዝ የግራ እግር ያለው፣ ልምምድ ማቋረጥ ጀመረ። ሲመጣም ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ነው። ለየብቻ ስንነጋገር የኪስ ወረቀቱን አሳየኝ። የአምስት ጨዋታ ውጤት የተገመተበት ነበር። ለትምህርት ቤት የተሰጠውን ገንዘብ በዚህ ጨርሶታል። «አራቱን አግኝቼ አንዱ ነው ያበላሸብኝ፤ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር» አለኝ። መሬት ላይ ቁጭ አድርጌ በእንጨት አሸዋ ላይ ሒሳቡን ጻፍኩለት። እናንተም ለልጆቻችሁ ጻፉላቸው።

የእያንዳንዱ ጨዋታ ግምት የመሳካት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው እንበል። አምስቱም አንድ ላይ የመሳካታቸው ዕድል ከ32 አንድ ነው። 32 ልጆች አሥር አሥር ብር ቢያስይዙ 320 ብር ይሰበሰባል፤ በአማካይ የሚያሸንፈው አንዱ ነው። ቤቱ ፍትሐዊ ቢሆን 320ውን ለእርሱ ይሰጠው ነበር። ግን እያንዳንዱን ጨዋታ በ2 ማባዛት ሲገባው በ1.80 ቢያባዛ አሸናፊው የሚያገኘው 189 ብር ገደማ ነው። 131 ብሩ የት ሄደ? ቤቱ ዘንድ ቀረ። 31 ልጆች ደግሞ ሁሉም «ትንሽ ቀርቶኝ ነበር» እያሉ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ልጁ ሒሳቡን ደግሞ ደጋግሞ አየውና ዝም አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ እነርሱ እኮ ኳስ አይጫወቱም» አለኝ። እውነቱን ነው። ይህ ጨዋታ ኳስ የማይነካ ሰው ሁልጊዜ የሚያሸንፍበት ነው።

ያ ልጅ ከአባቱ ጋር አብሬው ሄጄ ነገሩን ተነጋገርን። አባቱ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቀጥሎ አለቀሱ፤ በመጨረሻ አብረን ጸለይን። ስልኩን ለአንድ ዓመት እናቱ ይይዙት ዘንድ ራሱ ጠየቀ። አሁንም እየታገለ ነው። ጸልዩለት።

መጽሐፈ ምሳሌ 13፥11 በችኮላ የተሰበሰበ ሀብት እንደሚጎድል፣ ጥቂት በጥቂት በእጅ የሚከማች ግን እንደሚበዛ ያስተምረናል። የእግር ኳሱ ዓለም ራሱ ይህን ያውቃል። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የፊፋ ሕግ ተጫዋች በእግር ኳስ ላይ እንዳይወራረድ ይከለክላል። በጨዋታ ላይ ገንዘብ ያስያዘ ተጫዋች ከዚያ በኋላ ለቡድኑ ሳይሆን ለወረቀቱ ነው የሚሮጠው።

ልከልክለው ወይስ ልተወው?

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። እኔ የምለው፣ አትከልክሉት፤ ብቻውንም አትተዉት። የሚከተሉትን ከልምድ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሜዳው ድረስ ሂዱ። አባቴ ስጫወት ያየኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ቤት ውስጥ መቶ ጊዜ ከመገሠጽ አንድ ጊዜ ሜዳ ዳር ቆሞ ማየት ይበልጣል። ልጃችሁ ከማን ጋር እንደሚውልም ታውቃላችሁ።

ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ይቅደም። ከእኔ ጋር ከተጫወቱት መካከል በ35 ዓመቱ የሚጫወት አንድም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ቢያንስ 30 ዓመት ይኖራል። ያን 30 ዓመት የሚያኖረው ሌላ ሙያ ነው።

ሦስተኛ፣ ልጃችሁ ተሳክቶለት ክለብ ቢጠራው ውሉን አብራችሁ አንብቡ። ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል? ውሉ መቼ ያልቃል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከፊርማ በፊት ጠይቁ። ገንዘብ ሲመጣም አሥራቱን መስጠትና ጥቂቱን ማስቀመጥ ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ ይለማመድ።

አራተኛ፣ ስለ ውርርድ በግልጽ ተነጋገሩ። «ኃጢአት ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ሒሳቡን አሳዩት፣ ስልኩን እወቁ፣ ከወደቀም የሚመለስበት ቤት ይኑረው።

አምስተኛ፣ አብያተ ክርስቲያናት ከልጆቹ አይሽሹ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ኳስና አንድ የሚወዳቸው ትልቅ ሰው ቢያገኙ ብዙ ልጆች ከወረቀቱ ይድናሉ። በእኛ ሜዳ የሙስሊም ቤተሰብ ልጆችም አሉ፤ ለሶላት ሲሄዱ እንጠብቃቸዋለን። ወላጆቻቸው አምነው ይልኩልናል፤ ይህን እምነት በክርስቶስ ፍቅር መጠበቅ ግዴታችን ነው።

የማይጠፋው አክሊል

ሐዋርያው ጳውሎስ ስፖርትን አልናቀም። በቆሮንቶስ አቅራቢያ በየሁለት ዓመቱ ትልቅ ውድድር ይደረግ ነበር፤ የአሸናፊው ሽልማት ከቅጠል የተጎነጎነ አክሊል ነበር። በ1ኛ ቆሮንቶስ 9፥24-27 ላይ ያን አክሊል ያያችሁ ሁሉ የማይጠፋውን ለማግኘት እንዴት አብልጣችሁ አትተጉም እያለ ይመክራቸዋል። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥8 ደግሞ የአካል ልምምድ ጥቂት ጥቅም እንዳለው፣ እግዚአብሔርን መምሰል ግን ለዚህም ለሚመጣውም ሕይወት እንደሚጠቅም ይናገራል። «ጥቂት» ይላል እንጂ «ምንም» አይልም። እኔ ያን ጥቂቱን በልቼበታለሁ፣ ተምሬበታለሁ፣ ጓደኛ አፍርቼበታለሁ፤ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ግን ጥቂት መሆኑን ጉልበቴ ብርድ በነካው ቁጥር ይነግረኛል።

ለወጣቶች የምለው ይህን ነው። በሙሉ ኃይላችሁ ተጫወቱ። ዳኛ ባያይም በሕጉ ተጫወቱ። የወደቀውን ተቃራኒ እጁን ይዛችሁ አንሱ። ሁለት ጊዜ ብትቀደሙ ተስፋ አትቁረጡ። ነገር ግን ስማችሁን በማሊያው ጀርባ ላይ ብቻ አታስቀምጡት፤ ማሊያ ይወልቃል። ፊሽካው ለሁሉም ይነፋል፤ ለአንዱ በ20፣ ለአንዱ በ35 ዓመቱ። ያን ቀን ስማችሁን የሚያውቅ፣ እግራችሁ ሲደክምም የማይለውጣችሁ ጌታ እንዲኖራችሁ አሁኑኑ እርሱን እወቁት።

ለወላጆችም የምለው አለኝ። ልጃችሁ ከሜዳ ሲመለስ «አሸነፋችሁ?» ከማለታችሁ በፊት እንደዚያች እናት «ልጄ፣ ነፍስህ እንዴት ናት?» በሉት። ውጤቱን ራሱ ይነግራችኋል።

የሰላም አምላክ ቤታችሁን ይጠብቅ፤ ልጆቻችንንም ለስሙ ክብር ያሳድግልን። ተባረኩ።